በእግር የምነዳው ዝቅ ያለ ዊልቸር፦ ከወራት በኋላ ያየሁት

ስትሮኩ ግራ እጄንና ግራ እግሬን ይዞብኛል። ቀኙ ደህና ነው። እንደኔ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ተራ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ጎማውን ቢገፋ፣ ወንበሩ ባለበት ይዞራል እንጂ ወደፊት አይሄድም። የሚሄደው እጅና እግር አብረው ሲሠሩ ነው። እጅ ይገፋል፣ ተረከዝ መሬቱን ይዞ ይስባል፣ አቅጣጫውንም ያው እግር ያስተካክላል።

ለዚህ ተረከዝ መሬት መድረስ አለበት። የተራው ዊልቸር መቀመጫ ከመሬት 19 ኢንች (48 ሳንቲሜትር) ወይም ከዚያ በላይ ነው። እዚህ አሜሪካ ሄሚ የሚሉት ዝቅ ያለው ከ17 እስከ 18 ኢንች ነው። ውሃ ልጠጣ ብዬ ሰው ከመጥራት ያዳነችኝ ይህችው ትንሽ ልዩነት ናት።

አቅራቢው መጀመሪያ ያመጣልኝ ተራውን ነበር። «ትራሱን ያውጡት፣ እግርዎ ይደርሳል» አለኝ። ያለ ትራስ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ግን ቆዳ ያቆስላል። እንቅስቃሴ የምታለማምደኝ ቴራፒስት ግን አልተቀበለችውም። ሜትር አውጥታ ጫማዬን እንዳደረግሁ ከጉልበቴ መታጠፊያ እስከ ተረከዜ ለካች፦ 19 ኢንች። ትራሱ ስቀመጥበት ተጨፍልቆ 1 ኢንች ተኩል ይሆናል። ስለዚህ መቀመጫው 17 ኢንች ተኩል መሆን ነበረበት። እናንተም ስትለኩ በምትቀመጡበት ትራስና በምታዘወትሩት ጫማ ይሁን። ጥልቀቱንም እዩ። ከጉልበት ኋላ ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ከሌለ፣ ባታችሁ ጠርዙን እየመታ እግራችሁ ወደኋላ አይሳብም።

ክፍያውን በአጭሩ፦ ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን አንዱ ክፍል) ያላችሁ፣ ሐኪሙ ወንበሩ ለቤት ውስጥ እንቅስቃሴ እንደሚያስፈልጋችሁ መጻፍ አለበት። በኪራይ ይጀመራል፣ ከ13 ተከታታይ ወራት በኋላ ወንበሩ የራሳችሁ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ባለው ወለል ላይ በጣም ረክቻለሁ። የቀኙን እግር ማሳረፊያ አውልቀነዋል። የግራው ግን መቅረት የለበትም፣ የደከመው እግር ሥር ገብቶ እንዳይጎተት። የግራው ፍሬን በቀኝ እጄ እንድደርስበት ማራዘሚያ ተደርጎለታል። ከፍ ያለ ደፍና አጭር ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) ላይ ፊቴን አዙሬ በእግሬ እየገፋሁ ወደኋላ እወጣለሁ፣ ሰው ከኋላዬ ቆሞ። ወፍራም ምንጣፍ ግን ያደክማል። ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣትም ጉልበት ይጠይቃል።

ቤተክርስቲያን ሌላ ነገር ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ተረከዜ ከወለሉ ትንሽ ይርቃል፣ ካልሲውም ምንጣፉ ላይ ያንሸራትታል። ሆስፒታል የሚሰጡት ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ካልሲ ይህን ፈታልኝ። በተረፈ እኛ አበሾች ሰው ተቸግሮ አይተን ዝም አንልም። «ጋሼ፣ እኔ ልግፋዎት» ብለው እጀታውን ይይዛሉ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን እግሬ መሬት ላይ ሳለ በድንገት ከተገፋ ወንበሩ ሥር ይጠመዘዛል፣ ሊሰበርም ይችላል። እባካችሁ፣ እግሩን እስኪያነሣ ጠብቁት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጀመሪያ ጠይቁት።

ከወራት በኋላ የመጣው ችግር የመቀመጫው ጨርቅ ነው። መሃሉ ረገበ። በተረከዜ በሳብኩ ቁጥር ወገቤ ወደፊት ይንሸራተት ጀመር፣ ማታ ማታ ጀርባዬን ያመኝ ነበር። ከትራሱ ሥር ጣውላ ሲገባ ተስተካከለ። ጣውላውም ከፍታ ስለሚጨምር ቀጭን ምረጡ።

ክብደቱንም አልወደድኩትም። ከ36 ፓውንድ (16 ኪሎ) በላይ ነው፣ መኪና ላይ የሚጭንልኝ ልጄ ነው። ቀጣዩን ቀለል ያለ እጠይቃለሁ። ተራ ዊልቸር ያላችሁ ደግሞ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬሙን እዩት። የኋላው ጎማ ዘንግ ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሲዛወር መቀመጫቸው የሚወርድ አሉ። የፊቶቹ ትንንሽ ጎማዎችም አብረው ይስተካከሉ፣ አለዚያ መቀመጫው ወደኋላ ያዘነብላል።