ትልቁን ሰንጠረዥ ለማን እንስጠው? ፖስትግሬስ፣ ሲተስ፣ ኮክሮች ዲቢ እና ካሳንድራ ጎን ለጎን

አራቱም ዳታቤዞች (ዳታ ማከማቻና መጠየቂያ ሶፍትዌሮች) ናቸው። የዳታ ሰንጠረዣችሁ ስላበጠ ብቻ ግን ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ለመግዛት አትጣደፉ። ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ያምታታል። ፓርቲሽን ማድረግ ሰንጠረዡን እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ለምሳሌ በወር በወር፣ መቆራረጥ ነው። ሻርድ ማድረግ ግን ቁራጮቹን ለተለያዩ ሰርቨሮች ማከፋፈል ነው። አንደኛው ዕቃን በየመደርደሪያው መለየት ነው፤ ሁለተኛው በየጎረቤቱ ማስቀመጥ። በፈለጋችሁት ቁጥር በር ማንኳኳት አለ።

ችግራችሁ የድሮ ዳታ መከማቸት ከሆነ ተራው ፖስትግሬስ ይበቃችኋል። ከ10ኛው ቨርዥን (እ.ኤ.አ. 2017፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀምሮ ፓርቲሽንን በቀጥታ ይደግፋል። ጊዜው ያለፈበትን ዳታ ረድፍ በረድፍ ከማጥፋት ይልቅ የወሩን ቁራጭ እንዳለ ትጥላላችሁ። ወዲያው ያልቃል፤ ለቫኪዩም (የጠፉ ረድፎችን ለሚጠርገው የፖስትግሬስ ሥራ) የሚተርፍ ቆሻሻም የለም። ፕራይመሪ ኪው (የእያንዳንዱ ረድፍ ልዩ መለያ) ግን የግድ መከፋፈያውን ኮለም (ዓምድ) መያዝ አለበት። ንባብ ከበዛባችሁ ደግሞ ሬፕሊካ (የዳታው ቅጂ ያለበት ሌላ ሰርቨር) ጨምሩ። የሚጻፈው ዳታ ከአንድ ማሽን አቅም በላይ ሲሆን ነው ወደሌሎቹ መሄድ።

ሲተስ የፖስትግሬስ ተቀጥላ ስለሆነ የለመዳችሁት ነገር ብዙ አይቀየርም። ድርጅቱን ማይክሮሶፍት በ2019 ገዛው፤ ከ2022ቱ 11ኛ ቨርዥን ጀምሮ ሙሉ ኮዱ ክፍት ነው። አንድ ኮለም መበተኛ ቁልፍ አድርጋችሁ ትመርጣላችሁ፣ ሲተስ ሰንጠረዡን በሃሽ (እሴቱን ወደ ቁጥር በሚቀይር ቀመር) ይበትነዋል፤ ካልነካችሁት 32 ሻርድ ይሆናል። በአንድ ቁልፍ የተበተኑ ሰንጠረዦች አንድ ኖድ (የክላስተሩ አንድ ሰርቨር) ላይ ስለሚገናኙ ጆይኑ (ሰንጠረዦችን ማጣመሩ) እዚያው ያልቃል። እንደ አገር ዝርዝር ያሉ ትንንሽ ሰንጠረዦችን በየኖዱ ይገለብጣቸዋል። ብዙ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሲስተም ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ቁልፉን ያልጠቀሰ ኩዌሪ (ጥያቄ) ግን ሁሉንም ኖድ እያንኳኳ ይዞራል።

ኮክሮች ዲቢ አከፋፈሉን ራሱ ይይዘዋል። ዳታውን በቁልፍ ቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ቁራጩ 512 ሜጋባይት አካባቢ ሲደርስ ለሁለት ይከፍለዋል። እያንዳንዱን በሦስት ቅጂ ስለሚያስቀምጥ አንድ ኖድ ቢሞት ሥራው አይቆምም። በዚያው ልክ ግን እያንዳንዱ ጽሕፈት የአብዛኛውን ቅጂ እሺታ መጠበቅ አለበት። 1፣ 2፣ 3 እያለ የሚቆጥር መለያ ካላችሁ ደግሞ አዲሱ ረድፍ ሁሉ መጨረሻው ቁራጭ ላይ ይረባረባል። የቀረው የክላስተሩ ክፍል እጁን አጣጥፎ ያያል። መለያውን በዘፈቀደ ማድረግ ወይም ኢንዴክሱን (መፈለጊያ ማውጫውን) በሃሽ መበተን ይፈታዋል። ፈቃዱንም አንብቡ፦ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ነፃ የሆነው ዓመታዊ ገቢያቸው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ድርጅቶች ብቻ ነው።

ካሳንድራ ሌላ ዓለም ነው። ጆይን የለም፤ ሰንጠረዡን የምትሠሩት ለሚጠየቀው ጥያቄ ነው። አለቃ የሚባል ኖድም የለም። ለሴንሰር፣ ለሎግ፣ ለመልእክት ይሆናል። የሪፖርት ጥያቄውን በየቀኑ ለሚቀይር ቢሮ ግን ራስ ምታት ነው።

አሁን የሚያቃጥለኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ትልቅ ሰንጠረዥ በደንበኛ መለያ በተንን። ወረቀት ላይ ያምራል። ለካ አንዱ ደንበኛ የዳታውን ግማሽ ያህል ይዟል! እሱ ያለበት ኖድ ትንፋሽ አጠረው፣ ሌሎቹ ተኝተዋል። ሰርቨር ጨመርን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ የቁልፍ እሴት ለሁለት አይከፈልማ።

ስለዚህ ሻጩን ስለ ፍጥነት ከመጠየቃችሁ በፊት «ቁልፉ ቢሳሳትብኝስ?» በሉት። ኮክሮች ዲቢ ላይ ሥራ ሳይቆም ፕራይመሪ ኪ መቀየር ይቻላል። ሲተስ ላይም መበተኛ ቁልፉን መቀየር ይቻላል፤ ግን ሰንጠረዡ እንደ አዲስ እስኪጻፍ ጽሕፈት ይታገዳል። በምትኩ ግዙፉን ደንበኛ ለብቻው ወደ ራሱ ሻርድ የማውጣት መላ አለው፤ ያኔ ብናውቀው ኖሮ! ካሳንድራ ላይ ግን አዲስ ሰንጠረዥ ሠርቶ ዳታውን ማጋዝ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ላይ ላላችሁ፣ ፖስትግሬስን ተዉትና ቪቴስን እዩ። በ2010 ዩቲዩብ ውስጥ የተወለደው ለዚሁ ጣጣ ነው።

ለሙከራ ስትገቡ ውሸት ዳታ አትሙሉ፤ የውሸት ዳታ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይበተናል። የራሳችሁን እውነተኛ ዳታ፣ ከነግዙፉ ደንበኛ ጫኑ። ከዚያ ጭነቱ በበዛበት ሰዓት የአንዱን ኖድ ገመድ ንቀሉ።