የሞተር መጋረጃ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ በተለይ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ቤት በመጨረስ ላይ ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው በእኔ የደረሰው በእናንተ እንዳይደርስ ነው። ግድግዳው ተለስኖ፣ ጂፕሰሙ ተገጥሞ፣ ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ስህተትን ማረም ምን ማለት እንደሆነ አይቻለሁ። የሸጠልኝን ድርጅት ስም አልጠራም። ያው ዕቃ በያው ወሬ በብዙ ቦታ ስለሚሸጥ፣ ስሙን ማወቁ አያድናችሁም።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግሁት ልንገራችሁ። እናቴ ሪህ አለባት፤ ጣቶቿ ገመድ ጨብጠው መሳብ አይችሉም። የከተማችንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል። ፀሐይ ስትጠልቅ መጋረጃው ካልወረደ የቀኑ ሙቀት በመስታወቱ በኩል ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ ስትመጣ ካልተነሣ ደግሞ ክፍሉ እስከ እኩለ ቀን እንደቀዘቀዘ ይቆያል። እኔ ሥራ እየዋልሁ እናቴ በጨለማ ክፍል ተኮራምታ ስትጠብቀኝ ማየት አንጀቴን በላው። ማታ ራሱ እንዲወርድ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ራሱ እንዲነሣ ፈለግሁ፤ ሌላ ቅንጦት አላሰብሁም።

ቤቴ ውስጥ ቀድሞ የተዘረጋ ሥርዓት ነበረኝ። የወንድሜ ልጅ በአንዲት ትንሽ ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር ላይ ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖልኝ የውሃ ፓምፑንና የበረንዳውን መብራት በእሱ እናዛለን። ትእዛዙ ከቤት ስለማይወጣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል። ይህን ሁሉ ለሻጩ በግልጽ ነገርሁት። «ችግር የለም ጋሼ፣ ስማርት ነው፣ ከሁሉም ጋር ይገናኛል» አለኝ። አመንሁት። የ6 መስኮት ዋጋ 80 በመቶውን ቀድሜ ከፈልሁ። በእጄ የቀረው ወረቀት ፕሮፎርማ ብቻ ነው፤ እሱም «ስማርት ሞተር ከነገጠማው» ከማለቱ በቀር የሞዴል ቁጥር የለውም።

ከመጣው ዕቃ አብዛኛው በ433 ሜጋኸርዝ ሬዲዮ የሚታዘዝ የሪሞት ሞተር ነው። ስማርት ያሰኘችው አብራው የመጣች ነጭ ሳጥን ናት፤ ከዋይፋይ ትእዛዝ ትቀበልና እንደ ሪሞቱ ምልክት ታስተላልፋለች። ትእዛዙ ከስልኬ ተነሥቶ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር (የድርጅቱ ኮምፒውተር) ዘንድ ደርሶ ነው ወደ ሳጥኗ የሚመለሰው። ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር የእናቴ መጋረጃ ባለበት ይቀራል። ከዚህ የከፋው ግን ሞተሩ መልስ የማይሰጥ መሆኑ ነው። በዚሁ ሞገድ እየሠሩ መልስ የሚሰጡ ሞተሮች አሉ፤ የእኔዎቹ ግን ትእዛዝ ሰምተው ዝም ነው። መጋረጃው መውረድ አለመውረዱን ለማንም አይናገሩም። ስልኬ «ተዘግቷል» ይለኛል፣ ቤት ስደርስ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። እናቴ አንድ ማታ «ልጄ፣ ገመዱ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን ቢያንስ የቤት ሠራተኛዋ ትስብልኝ ነበር» አለችኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው።

ይህን በሁለት ደቂቃ ሱቁ ውስጥ ማወቅ ይቻል እንደነበር ሳስበው ነው የሚቆጨኝ። ስለዚህ እናንተ እንዲህ አድርጉ። ሻጩ ሞተሩን በሪሞት ወይም በግድግዳው ማብሪያ ያንቀሳቅሰው፣ እናንተ የስልኩን አፕ ተመልከቱ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ በስልኩ ላይ ያለው ፐርሰንት አብሮ ካልተለወጠ ሞተሩ መልስ አይሰጥም ማለት ነው። ቀጥሎ ራውተሩ ላይ የተሰካውን የኢንተርኔት መስመር ያላቅቅና ዋይፋዩ እንደበራ ከስልኩ ይዘዘው። ካልታዘዘ፣ የገዛችሁት መጋረጃ የሌላ አገር ሰርቨር ጥገኛ ነው። «እዚህ ኔትወርክ ስለሌለ ነው» ወይም «ቤት ሲገባ ይሠራል» ካላችሁ ሱቁን ጥላችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ሽቦው ልምጣ፤ እሳት ሊያስነሣ የሚችለው እሱ ነው። ሳሎናችን ሁለት ሰፋፊ መስኮቶች አሉት። ገጣሚው የሁለቱን ሞተሮች ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ በአንድ ማብሪያ አሠራቸው። አምፖል ቢሆን ምንም አልነበረም። በማብሪያ የሚታዘዝ የ220 ቮልት የመጋረጃ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ አለው፦ ኒውትራል፣ ወደ ላይ የሚያስኬደው ፌዝ፣ ወደ ታች የሚያስኬደው ፌዝ እና ግራውንድ። ውስጡ ሁለት የመዳብ ጥቅልሎች አሉ፣ በመካከላቸው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ) አለ። በአንዱ አቅጣጫ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባ፣ በካፓሲተሩ በኩል ዞሮ በሌላኛው ሽቦ ላይ ቮልቴጅ ይወጣል። ሁለት ሞተር አንድ ላይ ከታሰረ ይህ የዞረው ቮልቴጅ ወደ ጓደኛው ሞተር ይገባል። አንዱ ቀድሞ ጫፍ ደርሶ ሲቆም ሌላኛው ገና በመሄድ ላይ ስለሆነ፣ የቆመው በተቃራኒው ይገፋል፣ ተመልሶ ይነሣል፣ እንደገና ይቆማል። ጫፍ ላይ የሚያቆመው ስዊች በዚህ ሁኔታ እየተንጣጣ ይቃጠላል። ልጆቹ «መጋረጃው ይንቀጠቀጣል» ሲሉኝ የጨርቁ ነገር መስሎኝ ነበር። ሁለት ሞተር በአንድ ማብሪያ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ሞተር የራሱ የሆነ፣ ከሌላው የማይገናኝ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ) ያስፈልገዋል።

ማብሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። የገጠመልኝ ተራ ባለሁለት የመብራት ማብሪያ ነበር፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሊበሩ ይችላሉ። ላይና ታች ባንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከገባ ሞተሩ ይጎዳል። ለመጋረጃ የሚሆነው አንደኛው ሲጫን ሁለተኛውን የሚቆልፍ ማብሪያ ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ሲያወርዱ ሲያነሡት ሞተሩ ቀጥ አለ። ገጣሚውን ጠራሁት። «ጋሼ፣ ተቃጥሏል» ብሎ ፈትቶ ወሰደው፣ አዲስ ብሎም አስከፈለኝ። በኋላ የከተማችን አንድ ኤሌክትሪሺያን ሲያስረዳኝ ደሜ ፈላ። እነዚህ ሞተሮች ያለ ዕረፍት እንዲሠሩ አልተሠሩም፤ አብዛኞቹ 4 ደቂቃ ያህል ከሠሩ በኋላ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው። ቀዝቅዘው ሲመለሱ ይነሣሉ። ምናልባት ሩብ ሰዓት ብታገሥ ኖሮ የራሴው ሞተር ይነሣልኝ ነበር። «ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አሮጌውንም ሞተር አስቀሩት።

የእናቴ ክፍል ሞተር ባለባትሪ ነው፣ እሱም ጨርቁን አልቻለውም። ለብርዱ ብለን የመረጥነው ወፍራም ጨርቅ ከታችኛው ዘንግ ጋር 5 ኪሎ ይመዝናል፣ የተጠቀለለበት ቧንቧ ስፋት 38 ሚሊ ሜትር ነው። ሒሳቡን የወንድሜ ልጅ ሠራው፦ 5 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በቧንቧው ግማሽ ስፋት 0.019 ሜትር፣ ወደ 0.93 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ይመጣል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው ግን 0.7 ነው። ይህ ቁጥር በሞተሩ ላይ ታትሞ እያለ ማንም አልነገረኝም። ጨርቃችሁን አስመዝኑ፣ ከምታገኙት ውጤት በደንብ ከፍ ያለ ሞተር ጠይቁ። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል፤ እንደኛ ባለ አገር በመጋረጃና በመስታወት መሐል ያለው ቦታ በውርጭ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አስቡት። ቀን ቀን ቻርጅ አድርጉት።

ከአሜሪካ ዘመድ «ርካሽ ነው» ብሎ ሊልክላችሁ ቢልም ተጠንቀቁ። የዚያ አገር ሞተር በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ዚዌቭ በሚባለው የሬዲዮ መነጋገሪያ ዘዴ የሚሠራውም ዕቃ የአሜሪካው 908፣ የአውሮፓው 868 ሜጋኸርዝ ስለሚጠቀም እርስ በርሱ አይነጋገርም። ዚግቢ የሚባለው ሌላው ዘዴ ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ስለሆነ በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። እኔ አሁን የምመርጠው እሱን ነው።

ቤታችሁ ገና በልስን ላይ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ምንም ዓይነት ሞተር ልትገዙ ብታስቡ፣ ወይም ገና ባትወስኑም፣ በእያንዳንዱ መስኮት ራስ ላይ በኮንዲዩት (የሽቦ ቧንቧ) ውስጥ አራት ሽቦ አስጎትቱ፤ ሌላው ጫፉ እጅ በሚደርስበት ሳጥን ውስጥ ይቅር፤ ለመጋረጃዎቹ ብቻ የተለየ ብሬከር ይኑራቸው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ የተቀባ ግድግዳ አስፈልፍያለሁ።

ስለ ገንዘቡም፦ ከግማሽ በላይ አትክፈሉ፣ ቀሪውን ሞተሩ ሁለቱን ፈተናዎች (የፐርሰንቱንና የኢንተርኔቱን) በራሳችሁ ቤት ካለፈ በኋላ ስጡ። ወረቀቱ «ቀብድ» የሚል ከሆነ ትርጉሙን እወቁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ደረሰኝ ላይ የሞተሩ ሞዴል፣ ኒውተን ሜትሩና «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» የሚለው ቃል ይጻፍ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል። እኔ «ነገ መጥተን እናስተካክላለን» እየተባልሁ ስጠብቅ 15ቱ ቀን አለፈኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ ቅጂውን አስፈርማችሁ ያዙ።

የሳሎኑን ሁለት ሞተሮች ያ ኤሌክትሪሺያን በየራሳቸው የዚግቢ ሪሌ ለይቷቸዋል፤ መንቀጥቀጡ ቆሟል። የእናቴ ክፍል ገና ነው፤ የሚበቃው ሞተር እስኪመጣ ድረስ ጠዋት ከሥራ በፊት እኔ እያነሣሁ፣ ማታ እኔ እያወረድሁ ነው። ፕሮፎርማ ተሰጥቷችሁ ገና ያልከፈላችሁ ካላችሁ ፎቶውን ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ቤቴ መጥታችሁ ሽቦውን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።