ለቴፕ ሠሪው ጋሼ፣ ስለ 14ቱ ጥቅል

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሰው አሉ። ላመሰግናቸው ነው የምጽፈው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ አልጽፍም። ጠባሴ ወርዳችሁ «ቴፕ ሠሪው ጋሼ» ካላችሁ ግን ሱቃቸውን የማያሳያችሁ የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት የእናቴን ካሴት ይዤ ነው። የአያቴ ድምፅ አለበት። መንዝ ውስጥ ሠርግ ላይ ቀረርቶ ሲያሰሙ የተቀዳ ነው። አያቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ሌላ ቅጂም የለንም። ከዚያ በፊት አንድ ቤት «ወደ ፍላሽ እንገለብጥላችኋለን» ብለው ወስደው፣ ክሩን በጥሰው፣ በተራ ፕላስተር ለጥፈው መለሱልን። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጋሼ ካሴቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። ከዚያ ቀፎውን ፈቱ። ተራ ፕላስተር ጠላት ነው አሉኝ። ሙጫው እየቀለጠ በላዩ የተጠቀለለውን ክር ያጣብቃል፤ ድምፁን የሚያነበውን የቴፑን ሄድም ያቆሽሻል። ቀስ እያሉ አነሱት። ሁለቱን ጫፎች በምላጭ አስተካክለው፣ ለክር ተብሎ በተሠራው መለጠፊያ ከጀርባው ገጠሙት። ክሩን ሄድ ላይ የምታስጠጋዋ ትንሿ ሱፍ ወልቃ ስለነበር ከሌላ ካሴት አምጥተው ተኩልኝ። አዲስ ቀፎም አለበሱት።

ከዚያ ቁጭ ብለን ሰማን። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም። ሹሹታውን ያጥፉልኝ ስላቸው «በኃይል ካጠፋሁት የአያትሽ ትንፋሽም አብሮ ይሄዳል» አሉኝ። ሁለት ቅጂ ሰጡኝ። አንዱ ምንም ያልተነካ ነው፤ ሌላው ጥቂት የጠራ። እናቴ የምትሰማው ያልተነካውን ነው።

ዋናው ነገር የመጣው በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ሥራዬን ጠየቁኝ። ፊልም እሠራለሁ አልኳቸው፤ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም። ካሜራዬ ቦሌክስ ነው፣ እንደ ድሮ ሰዓት በእጅ የሚጠመዘዝ። አንዴ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 30 ሜትሩ ጥቅል በሙሉ 2 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ነው። ድምፅ ደግሞ ጭራሽ አይቀዳም። ድምፁ ለብቻ በሌላ ማሽን መቀዳት አለበት። አንድ ወዳጄ ናግራ የሚባለውን የድምፅ መቅጃ አውሶኛል፤ ክር ግን የለኝም። አዲስ ክር ዛሬም ፈረንሳይና አሜሪካ ይሠራል፤ እዚህ እስኪደርስ ግን ዋጋው ከእኔ አቅም በላይ ነው።

ናግራ ስል ፊታቸው በራ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በድምፅ ቴክኒሻንነት ሲሠሩ የያዙት እሱን ነበር። 12 ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ያላሳፈራቸው። የሠራው ስቴፋን ኩደልስኪ ፖላንድ ተወልዶ ስዊዘርላንድ የኖረ ሰው ነው። ናግራ ማለት በፖላንድኛ «ይቀዳል» ማለት ነው። ጋሼ «ለእኛ ጆሮ ነጋሪ ይመስላል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም።

ከተቀመጡበት ተነሥተው አግዳሚውን ገፋ አደረጉ። ከሥሩ የእንጨት ሣጥን አለ። ውስጡ እሽጉ ያልተፈታ ክር። መሥሪያ ቤታቸው ወደ ዲጂታል ሲዞር ሊጣል የነበረውን እሳቸው ጠይቀው ወሰዱት። የተፈቀደበት ደብዳቤ ከነማኅተሙ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ አሳይተውኛል። ይህን ሁሉ ዓመት አልሸጡትም። «የሚሠራበት ሰው እስኪመጣ» ነው ያሉኝ።

እኔ በዚያው ቀን ተሸክሜው ልሄድ ነበር። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ሳይፈተሽ አይወጣም፣ በሳምንቱ ነይ። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ። ለናግራ የሚሆነው ሩብ ኢንቹ ክር 19 ጥቅል ነበር። እያንዳንዱን ማሽን ላይ ጭነው፣ ጥቂት አጫውተው፣ ሄዱን በነጭ ጥጥ ጠረጉ። ጥጡ ላይ ቡናማ እድፍ ከወጣ ያ ጥቅል ተገለለ። ማግኔቱን ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ በዘመን ብዛት እርጥበት ይጠጣል፤ ያኔ ክሩ ይሟልጫል፣ እየተፋቀም ሄድ ላይ ይቀራል። አዲስ መሆኑና አለመነካቱ አያድነውም። 5ቱ በዚህ ወደቁ። 14ቱ ተረፉ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ነው የሚያመሰግኑት። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቀዝቃዛ አየር ለጉልበት ክፉ ቢሆንም ለክር ደግ ነው ይላሉ።

14ቱን በነፃ ሰጡኝ። ብር ሳወጣ ተቆጡ። የካሴቱን ሥራ ብቻ አስከፈሉኝ፤ እሱም ሲበዛ ተመጣጣኝ ነው።

በወሩ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወጣሁ። የምቀርጸው ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሠሪዎችን ነው። የበግ ጠጉር በደጋን ሲነደፍ የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፤ አንዴ እንደ ክራር ወፍራም ጅማት፣ አንዴ እንደ ንብ ቀፎ። የመጀመሪያውን ጥቅል ለእሱ ሰጠሁት። ትንሹ ጥቅል በሴኮንድ በ19 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት 16 ደቂቃ ይሄዳል። 16ቱንም ደቂቃ አንድም ቦታ አልተቋረጠም። ቅጂውን ለጋሼ ሳሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ «ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በሚቀጥለው ጉዞ ዝቅ አደረግኩት።

አሁን ስለ ቀረው ልንገራችሁ። ሣጥኑ ውስጥ 16 ሚሊ ሜትር ማግኔቲክ ፊልምም አለ። ከሩብ ኢንቹ የተለየ ነው። እንደ ሥዕሉ ፊልም ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ጥርስ ባለው ማሽን ከሥዕሉ ጎን እኩል ይሄዳል። ከሥዕሉ አንድ ፍሬም ሲቆረጥ ከድምፁም አንድ ፍሬም ይቆረጣል፤ ከንፈርና ቃል አይለያዩም። እኔ እሱን የሚያጫውት የፊልም መቁረጫ ጠረጴዛ የለኝም፤ ስለዚህ አልወሰድኩም። 12 ጥቅል ነበር። ሦስቱ ሲከፈቱ ኮምጣጤ ሸተቱ፤ ፊልሙ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ያ ብልሽት ከጥቅል ወደ ጥቅል ይጋባል። ጋሼ በዚያው ቀን ከሌሎቹ ለይተው አወጧቸው። 9ኙ ደኅና ናቸው። ማሽኑ ያለው፣ ወይም የት እንዳለ የሚያውቅ የፊልም ሰው ካለ፣ ሂዱና አናግሯቸው። ገንዘብ አይጠይቁም። ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ግን ይጠይቃሉ፤ በደንብ ነው የሚጠይቁት። ለጌጥ ወይም ለሽያጭ ለሚፈልግ አይሰጡም።

ካሴት፣ ሪል፣ የተበላሸ ቴፕ ላላችሁ ደግሞ፦ ከእሳቸው የተሻለ እጅ እስካሁን አላየሁም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሥራው ግን በአንድ ቀን አያልቅም። የቸኮለ አይሂድ። ስልክ ብዙ አያነሡም፤ በአካል መሄድ ይሻላል። እሑድና በዓል ዝግ ነው። ካሴቱን ፀሐይ ላይ ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ አታቆዩት፤ የተበጠሰ ከሆነ ራሳችሁ አትለጥፉት፣ እንዳለ ውሰዱት።

ክር የሚጠቀለልበት ባዶ ሪል ቤታችሁ ካለ ደግሞ ያዙላቸው። የነበራቸውን ለእኔ ሰጥተው ጨርሰዋል።