ጥልፉን ውሰዱ፣ የስም ካርዱን ተዉት

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የሕፃናት ስጦታ የሚሸጥ አንድ ሱቅ አለ። የልጅ ስም በብርድ ልብስ ላይ ይጠልፋል፤ ከዚያም «የስም ትርጉም ካርድ» ብሎ የስሙን ፍቺ፣ ምንጭና ተወዳጅነት አትሞ በፍሬም ያስረክባል። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ግማሹን ላመሰግን ግማሹን ልወቅስ ስለሆነ፣ ባለቤቱም ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ስለሆነ። ለብርድ ልብሱ 1,900 ብር፣ ለካርዱ 700 ብር ከፈልን። ለእኔ ቢተውልኝ ሁለተኛውን ገንዘብ ለአራስ ቅቤ አውለው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከሐዋሳ ሞያሌ፣ አንዳንዴም ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ናይሮቢ ይነዳል። እሱና ሚስቱ ልጅ ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠበቁ፤ ሴት ልጅ ስትወለድላቸው «ትዕግስት» ሊሏት አስበው ነበር። ነገር ግን የሚስቱ እህት ትዕግስት ናት፣ የአከራያቸው ልጅ ትዕግስት ናት፣ ከአጥሩ ማዶም ሌላ ትዕግስት አለች። አንዷ ስትጠራ ሁሉም «አቤት» በሚሉበት ግቢ አራተኛ መጨመር አላስፈለገም። ወንድሜ ከመንገድ የለቀመውን ስዋሂሊ አሰበና «ሱቢራ» አላት፤ ትርጉሙ ያው ትዕግስት ነው። እናታችን «ምን የሚሉት ስም ነው?» ብለው አኮረፉ። የክርስትና ስሟን ቄሱ ለብቻው እንደሚያወጡላት ሲነገራቸው ግን ለዘብ አሉ። ብርድ ልብሱም የተፈለገው በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ እንድትጠቀለልበት ነው።

እኔ ኬንያ፣ ሞምባሳ ከተማ፣ ካንጋ የሚባለው ጨርቅ ከሚሸጥበት ከቢያሻራ ጎዳና አጠገብ፣ ለረጅም ጊዜ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ስለዚህ በሁለት ነገር አልታለልም፤ በክርና በስዋሂሊ።

ከክሩ ልጀምር። የሱቁ ባለቤት የሆነው ልጅ ጽሑፉን በኮምፒውተር አዘጋጅቶ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት አሳየኝ። ይህ ልማዱ ሊመሰገን ይገባል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ የወጣው «ሰብራ» የሚል ነበር።

«እናቴ፣ በስልክ ሲነግሩኝ እንዲህ ነው የሰማሁት» አለኝ።

«የኔ ልጅ፣ ገና ጡጦ መያዝ የማትችል ሕፃን ምን ሰብራ ነው?» አልኩት። እየሳቀ አስተካከለው። ስዋሂሊ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ጫን ብሎ ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ «ቢ» ላይ መርገጥ ነው፦ ሱቢራ። ለየት ያለ ስም ያላችሁ ሰዎች በቃል አትናገሩ፤ በእጃችሁ ጽፋችሁ ስጡ፣ ስክሪኑንም ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ጥልፉ ራሱ አንደኛ ነው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ጨርቁን አልሸበሸበም። ከጀርባ የተንጠለጠለ ክር የለም፤ የሕፃን ቆዳ እንዳይፈገፍግም ለስላሳ ጨርቅ ተለብጦበታል። ብዙ ጠላፊዎች ይህችን ነገር ይዘሏታል። የግእዝ ፊደል በትንሹ ሲጠለፍ ቀለበቶቹ ይደፈኑና «ቢ»ን ከ«ቤ» መለየት ያስቸግራል፤ ልጁ ይህን አውቆ ፊደሉን እንዲያተልቀው ፈቃድ ጠየቀኝ። ታጥቦ ቀለሙ አልለቀቀም። ከቀጠሮው ቀድሞም ደረሰ፤ የልብስ ሰፊ «ነገ» ምን ያህል እንደሚረዝም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና ይህን ሳልናገር አላልፍም።

አሁን ወደ ካርዱ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ፍሬሙ የሚያምር፣ ዳርዳሩ አበባ ነው። መሐሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሱቢራ። ትርጉም፦ የትዕግስት ሽልማት። ምንጭ፦ አፍሪካዊ። ተወዳጅነት፦ እጅግ ብርቅ።» ከሥሩ የዕድል ቀለምና የዕድል ቁጥር። በቃ፣ 700 ብር።

«ሽልማት» ከየት መጣ? ሱቢራ ትዕግስት ነው፣ ሌላ ጭማሪ የለውም። ቃሉ «ሰብር» ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። ግሡ «ሱቢሪ» ሲሆን ጠብቅ ወይም ታገሥ ማለት ነው፤ ሞምባሳ ውስጥ «ሱቢሪ ኪዶጎ»፣ ማለትም «ትንሽ ጠብቅ»፣ ሳይባል የሚያልፍ ገበያ የለም። ሽልማቱን የጨመረው አንድ የስም ዝርዝር አዘጋጅ ይመስለኛል፤ ምናልባት «ሱቢራ ሁቩታ ሄሪ» ከሚለው የስዋሂሊ ተረት ጋር አምታትቶት ይሆናል። ተረቱ «ትዕግስት መልካሙን ይስባል» ማለት ነው፤ ካንጋ ላይም ይታተማል። ካንጋ ሁለት ሆኖ የሚሸጥ፣ ሴቶች አንዱን አገልድመው ሌላውን የሚከናነቡት የጥጥ ጨርቅ ነው። ከታች በኩል የሚታተምበት አባባል በስዋሂሊ «ጂና» ይባላል፤ ስም ማለት ነው። ጨርቁ እንኳ የራሱ ስም ባለበት አገር የተገኘን ስም «አፍሪካዊ» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው።

አፍሪካዊ ማለት የት ነው? ሐዋሳም አፍሪካ ናት። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ለዘመናት ከዐረቦች ጋር ሲገበያይ ብዙ የዐረብኛ ቃል ወርሷል፣ ስሙንም ያገኘው «ጠረፎች» ከሚለው ዐረብኛ ነው። የእኛ ጆሮም ቢሆን ለዚህ ባዳ አይደለም። ሱቁ ግድግዳ ላይ ለናሙና ከተሰቀሉት አንዱ «ማላይካ» ይላል፤ መልአክ ነው። ሌላው «ኢማኒ» ነው፤ እምነት። እናታችን ማላይካን ቢሰሙ ኖሮ ባላኮረፉ ነበር።

«እጅግ ብርቅ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ። ብርቅ የት? ለማን? በየኢንተርኔቱ የሚገለበጡት የስም ደረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸው የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ከ1880 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለውን የሕፃናት ስም ዝርዝር ያወጣል፤ በአንድ ዓመት ከ5 ላነሱ ሕፃናት የተሰጠን ስም ግን አይጠቅስም። እዚያ ኒያና ኢማኒ የሚታወቁት በምክንያት ነው። በ1966 የተጀመረው የጥቁር አሜሪካውያን የኳንዛ በዓል ሰባት መርሆች የተሰየሙት በስዋሂሊ ነው፤ ኒያ (ዓላማ) እና ኢማኒ ከሰባቱ ናቸው። ሱቢራ ከሰባቱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ስላልተለመደች ብርቅ ሳትባል አልቀረችም። እኔ በነበርኩበት ሠፈር ግን ሱቢራ የሚባሉ ሴት አዛውንት ነበሩ፤ ስማቸውን ሰምቶ ቅንድቡን ያነሣ ሰው አላየሁም። የወንድሜ ሚስትም እዚያ ብትኖር ስሟ ተረስቶ «ማማ ሱቢራ» ትባል ነበር፤ እናትን በልጇ ስም መጥራት ልማዳቸው ነው።

ካርዱ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ብዙ ነገር ነበር። የስዋሂሊ ስም እንደ አማርኛው የቤቱን ሁኔታ ይናገራል። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወለድ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እንደምንለው ሁሉ፣ በችግር ጊዜ የተወለደ ልጅ ታቡ ይባላል፤ መከራ ማለት ነው። በሌሊት የተወለደች ቻኡሲኩ ናት። ሁለተኛዋ ፒሊ፣ ሦስተኛዋ ታቱ፣ ዓርብ የተወለደ ወንድ ጁማ። ከሁሉ የምወደው ሲኩዳኒ ነው፤ «አላሰብኩም ነበር» ማለት ነው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለአንዲት ሕፃን። ወላጆች ሲጠብቁ ኖረው ሱቢራ ማለታቸውም ከዚሁ ወገን ነው። ይህን ለማወቅ የዕድል ቁጥር አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት፤ ሲቆጣ አላየሁትም። «እናቴ፣ እኔ ከስልክ ላይ ነው የምገለብጠው፣ ደንበኛም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። እውነቱን ነው፤ ገዢው ፍሬሙን አይቶ ነው የሚከፍለው። ጽሑፉን ራሴ አዘጋጅቼ ብሰጠው በዚያው ፍሬም እንደሚያትምልኝ ተስማማን። የመጀመሪያው መስመር ስሟ በግእዝና በላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ «ትዕግስት፣ በስዋሂሊ»፣ ከሥሩ የካንጋው ተረት ከነትርጉሙ፣ በመጨረሻም የተወለደችበት ቀንና «ሐዋሳ»። የዕድል ቀለሙን አስወጣሁት። የተወዳጅነቱን መስመርም እንዲሁ፤ ልጅቷ በቤቷ ምን ያህል እንደተወደደች በደረጃ አይለካም።

ሌላ ቅሬታ አለኝ፦ የላቲኑን ፊደል ባጌጠ ቅርጽ ሲያትመው ኤስ የሚለው ፊደል ሌላ ነገር መሰለ። ተራውን ቅርጽ ጠይቁ። የግእዝ ፊደሉ ምርጫም ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ በጣም ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ አይነበብም። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መቆሚያ የለውም፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ያኔ ባለቤቱ ራሱ ማሽኑ ላይ ይገኛል።

ለብርድ ልብሱ የተጠየቀው ዋጋ ተገቢ ነው፤ ሥራውን ስለማውቅ አልተከራከርኩም። ሁለተኛውን ካርድ በ150 ብር አተመልኝ። እናንተም ጽሑፋችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ ፍሬሙን ለብቻው አስገምቱና ለኅትመቱ ከዚህ በላይ አትክፈሉ።