የወጥ ቤት ፎይል ለወረቀት አውሮፕላን፦ ከስፕሬይና ከብርማ ካርቶን ጋር ሲመዘን

ከአያት እስከ ጣፎ ባሉት የጽሕፈት መሣሪያና የቀለም ሱቆች ለወረቀት አውሮፕላን የብረት መልክ የሚሰጡ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፦ የብር ቀለም ስፕሬይ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ብርማ ካርቶን፣ በጥቅል የሚሸጠው የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል። መመዘኛው ዲሲ-3 ነው፤ የዚህ አውሮፕላን የወታደር ዓይነት የሆነው ሲ-47 በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመጀመሪያ በረራ ወደ ካይሮ ያደረገ ነው። በ1:50 (ከእውነተኛው አምሳ ጊዜ አንሶ) ሲሠራ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፎይሉ ሁለቱንም በሰፊው ይበልጣል፤ ከሦስቱም ርካሹ እሱ ነው።

ስፕሬዩ የሚያበራው በውስጡ ያሉት ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ቀለሙ ሲደርቅ ወደ ላይ ተንሳፍፈው ስለሚተኙ ነው። በዚሁ ምክንያት በጣት ሲነካ ይለቃል፤ እንዳይለቅ ቫርኒሽ ሲደረብበት ቅንጣቱ ይረበሽና ግራጫ ይሆናል። ወረቀት ላይ በቀጥታ ከተነፋ ደግሞ የወረቀቱ ቃጫ ይቆማል፣ ወረቀቱም ይጣመማል። ብርማው ካርቶን ለቀጥታ ቱቦ ያምራል፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ኮላ አይዘውም (ለማጣበቂያ የሚተወው ትርፍ ጠርዝ አስቀድሞ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት)፣ የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ አፍንጫና የሞተር ሽፋን ላይም ጨርሶ አይታጠፍም።

ወደ ፎይሉ እንምጣ። ሲገዛ የጥቅሉ ጠርዝ መታየት አለበት፤ አንድ ቦታ ከተጋጨ ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ብዙ ዙር ይዘልቃል። በጣም ስሱ ሲፈተግ ይቀደዳል፣ ወፍራሙ አፍንጫ ላይ አይታዘዝም፤ 15 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) አካባቢ ያለው ይስማማል። አንዱ ገጹ የሚያበራው፣ ሌላው የሚደበዝዘው በፋብሪካው የመጨረሻ መዳመጫ (ብረቱን ጨምቆ በሚያሳሳው ሲሊንደር) ሁለት ንጣፍ ተደርቦ ስለሚያልፍ ነው፤ መዳመጫውን የነካው ያበራል፣ እርስ በርሱ የተነካካው ይደበዝዛል። ከአንድ ጥቅል ሁለት ዓይነት ብረት ተገኘ ማለት ነው። ሦስተኛና አራተኛ ለማግኘት ፎይሉን 90 ዲግሪ ማዞር ይበቃል፤ የመዳመጫው ስስ መስመር አቅጣጫው ሲለወጥ ብርሃኑም ይለወጣል። እውነተኛ አውሮፕላን መስታወት አይደለም። ጎን ለጎን ያሉ ቆርቆሮዎቹ በመጠኑ ይለያያሉ፣ ዓይንን የሚያሳምነውም ይህ ልዩነት ነው። ሙሉ ክንፍ በአንድ ቁራጭ የሚያለብስ ሰው የሚያገኘው የተጠቀለለ ምግብ ነው።

ማጣበቂያው ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ማስቲሽ ጠንካራ ነው፤ ግን ክር እየሳበ ይጎረብጣል፣ ጉብታውም በፎይሉ ላይ ይወጣል፣ ሽታው ደግሞ መስኮት ያስከፍታል። መንገዱ ገና ባልተነጠፈበት፣ ግንባታ ባላቆመበት ሰፈር መስኮት መክፈት አቧራ መጋበዝ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ከሥር ከገባች እንደ ብጉር ትታያለች። የሚሻለው የአናጢ ነጭ ኮላ በካውያ ነው። ኮላው በትንሽ ውኃ ይቀጥንና ወረቀቱም ፎይሉም በስሱ ይቀባሉ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ ተደራርበው፣ በላያቸው ንጹሕ ወረቀት ተደርጎ፣ ያለ እንፋሎት በአነስተኛ ሙቀት ይተኮሳሉ። የደረቀ ኮላ ሲሞቅ ይለሰልስና ይያያዛል። በእርጥቡ ከተለጠፈ ግን ውኃው በፎይሉ በኩል መውጫ ስለሌለው ይታፈናል፣ ቆይቶም አረፋ ያወጣል።

ካውያ የሚሠራው ለጠፍጣፋው ክፍል፣ ከመቆረጡ በፊት ነው። የታተመው የአውሮፕላኑ ንድፍ መስመር በፎይሉ ስለሚሸፈን ሁለት ቅጂ ይታተም፤ አንዱ ለግንባታ፣ አንዱ ለቆርቆሮዎቹ መለኪያ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 160 ግራም ቢሆን ይበቃል፤ ከፎይሉ ጋር ከዚያ በላይ ይደነድናል። አፍንጫውና የሞተር ሽፋኑ ተገጣጥመው ካለቁ በኋላ፣ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ይለብሳሉ፤ እዚህ ኮላው ነጣነቱ ጠፍቶ ገና ሲያጣብቅ ፎይሉ ይቀመጣል። መጀመሪያ በጥጥ ከመሐል ወደ ዳር፣ ቀጥሎ ጫፉ በደነዘዘ ስቴኪኒ ይፈተጋል።

ቅደም ተከተሉ ከጭራ ወደ አፍንጫ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ ነው፤ የፊተኛው ቆርቆሮ የኋለኛውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርባል። የቆርቆሮው መጋጠሚያ ቀለሙ ባለቀ እስክሪፕቶ በቀስታ ይሰመራል። ሪቬት (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘው ምስማር) ግን ይቅር። የሪቬቱ አናት 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ በ1:50 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመርፌ የተወጋ ነጥብ ሁሉ ከልኩ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ብዙ ሠሪዎች የሚያልፉት ነገር አለ፦ በዲሲ-3 ላይ የጭራው መሪ፣ ከፍታ መቆጣጠሪያውና የክንፉ ጫፍ መዘወሪያዎች በጨርቅ የተሸፈኑና ብር ቀለም የተቀቡ ናቸው። እነዚህ ፎይል አይለብሱም። የስፕሬዩ ቦታ እዚህ ነው፤ ቫርኒሽ ተደርቦበት ግራጫ ሲሆን ልክ የተቀባ ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ መግዛት ኪሳራ አይደለም።

የፎይሉ ድክመት ክረምት ነው። ወረቀት እርጥበት ስቦ ይለጠጣል፣ ፎይል አይለጠጥም፤ የክንፉ ኩርባ ቀስ በቀስ ይቀናና መጋጠሚያው ይከፈታል። መከላከያው ክንፉ ከመዘጋቱ በፊት የወረቀቱን የውስጥ ገጽ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ መቀባት ነው፤ ሳይቀባ የተዘጋ ክንፍ ሐምሌ ሲመጣ ውስጡ አይደረስበትም።