በከዚራ ዛፎች ሥር የሚገኝ አንድ ጭማቂ ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከመጋላ ሰፈር ተነሥተን፣ የደቻቱን ወንዝ በድልድዩ ተሻግረን፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ጭማቂ ቤት በእግራችን ሄድን። የማንጎና የፓፓያው ስፕሪስ ወፍራም ነው፤ ስኳር አልበዛበትም፤ አስተናጋጇም ለትንሿ ልጄ ሳንጠይቃት በግማሽ ብርጭቆ ከማንኪያ ጋር አቀረበችላት። ነገር ግን ቤቱን ለቤተሰብ ምቹ ያደረገው ከሁሉ በላይ የሚገኝበት ጎዳና ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት አስቸጋሪ በመሆኑ ጣቢያው እዚሁ ሜዳ ላይ ተሠራ፤ በአጠገቡም ቀጥ ያሉና እርስ በርስ የሚቋረጡ የከዚራ መንገዶች ተቀየሱ፤ ዳርና ዳራቸውም ዛፍ ተተከለ። የዚህ ቅየሳ ጥቅም የሚገባው ልጅ ይዘው ሲሄዱበት ነው። ከአንዱ መታጠፊያ እስከ ሌላው ሩቅ ስላልሆነ ሕፃን አይሰለችም፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነም ቀድሞ የሮጠ ልጅ ከዓይን አይሰወርም። እናቴ ሦስት ጊዜ ቆማ ዐረፈች፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥላ አላጣችም። ትንሿ ልጄ ደግሞ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ጭምር «የድሬዳዋ ዛፍ» ከሚባለው ዛፍ የረገፈውን ቀይ አበባ በቀሚሷ ሰብስባ እስከ ጭማቂ ቤቱ ድረስ ይዛው መጣች።

እናቴ ያደገችው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። «እኛ ሰፈር መኪና የት ይገባና! ከግንቡ ጥላ ሥር ስንጫወት ነው የምንውለው» አለችኝ። የጀጎል መተላለፊያ ጠባብ፣ የከዚራ ጎዳና ሰፊ ቢሆንም ሁለቱም ለእግረኛ ጥላ አላቸው። በከተማው ዳር አዲስ ሰፈር የሚቀይሱ ባለሙያዎች የመንገዱን ስፋት በሜትር ሲለኩ፣ አንዲት አያት ሳታርፍ ምን ያህል እንደምትራመድም ቢለኩ እጅግ ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ቤቱ አራት ጠረጴዛዎች የእግረኛ መንገዱ ላይ ስለዘረጋ፣ ስንደርስ ባጃጅ ወደሚከንፍበት አስፋልት ለመውረድ ተገደድን፤ የመንገዱ ጠርዝ ከፍ ያለ በመሆኑ እናቴ ትከሻዬን ተደግፋ በጭንቅ ወረደች። ለኃላፊው ስነግረው ሁለቱን ወዲያውኑ ወደ ግድግዳው አስጠጋ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ስንወጣም እዚያው ነበሩ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው ለልጅ ቁመት ከፍ ይላል።

ከ5 ነጥብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቢመለስ ይሻለዋል፤ እኛ ስንወጣ በመታጠፊያው ላይ መብራት አልነበረም።