«ሁሉም ተካትቷል» የሚል የመኪና አከራይ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ

ሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራይታችሁ ወደ ኦስትሪያና ስሎቬኒያ ለመሻገር ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ሳታነብቡ ገንዘባችሁን አታውጡ። መኪናውን የመለስኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የአከራዮቹን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ዋጋ ያሳያሉ፤ ባንኮኒው ጋ ስትደርሱ ኢንሹራንሱ፣ ተጨማሪ አሽከርካሪው፣ መያዣው እየተባለ ሂሳቡ ያብጣል። እሱን ለምጄዋለሁ። ለድንበር ማለፊያ የጠየቁኝንም ሳልከራከር ከፈልኩ። ቁልፉን ያስረከበኝን ሰው ግን «የስሎቬኒያ የአውራ ጎዳና ክፍያስ?» ብዬ በግልጽ ጠይቄዋለሁ። በእስክሪብቶው የመኪናውን የፊት መስታወት ጠቆመኝ። የአውራ ጎዳና ክፍያ መከፈሉን የሚያሳይ ተለጣፊ ወረቀት አለበት። «ይኸው፣ ሁሉም ተካትቷል» አለኝ።

ሳልዝቡርግን አይተን፣ ሃልሽታት ሐይቁ ዳር አድረን ወደ ደቡብ ወረድን። የታወርንና የካራቫንከን ዋሻዎች ከተለጣፊው ውጭ ለየብቻ እንደሚያስከፍሉ አውቅ ስለነበር ከፈልኩ። ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ካራቫንከን ጨርሰን ስሎቬኒያ እንደገባን ተቆጣጣሪዎች አስቆሙን። በሰሌዳ ቁጥራችን የተከፈለ ነገር የለም። ወደ መስታወቱ ስጠቁም ተቆጣጣሪዋ በትሕትና «ይህ የኦስትሪያ ነው» አለችኝ። ለካ ስሎቬኒያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2022 ጀምሮ ተለጣፊውን ትታ ክፍያውን በሰሌዳ ቁጥር ትመዘግባለች። ቅጣቱ ከ300 ዩሮ ይጀምራል፤ ቶሎ ለከፈለ በግማሽ ይቀንስለታል። 150 ዩሮ ቆጠርኩ። በእነሱ ቅሬታ የለኝም፣ ሕጋቸው ነው። ብሌድ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሻግረን የደሴቲቱን ቤተ ክርስቲያን 99 ደረጃዎች ስወጣ ግን የማስበው ያን እስክሪብቶ ነበር።

ዛሬ ባንኮኒው ላይ ያገኘሁት ያንኑ ሰው ነው። ሰላምታዬን አልመለሰም። የቅጣቱን ደረሰኝ ፊቱ አኖርኩለት፤ ሳያነብበው በሁለት ጣቱ ገፍቶ መለሰልኝ። ከዚያ ውሉን አወጣ፣ ወደ እኔ አዞረና በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ላይ እስክሪብቶውን አሳረፈ። የከፈልኩት መኪናውን ከጀርመን ለማስወጣት ፈቃድ ብቻ ነው፤ የመንገድ ክፍያ የተከራዩ ዕዳ ነው። «መስታወቱን እያሳየህ ሁሉም ተካትቷል አላልከኝም?» አልኩት።

«ኦስትሪያን ማለቴ ነበር። በጽሑፍ የያዝከው ነገር አለ?»

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው በእንግሊዝኛ ነው። ቀጥሎ አጠገቡ ወደተቀመጠችው ባልደረባው ዞሮ በጀርመንኛ «እነዚህ ሰዎች ውል አያነቡም» አላት። ሳቀች። ስንት ዓመት ግብር የከፈልኩበትን አገር ቋንቋ አልሰማም ብሎ ነው! በዚያው በጀርመንኛ «ኃላፊህን ጥራልኝ» አልኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር፤ ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። «ቀጣይ» ብሎ ከኋላዬ የቆሙትን ሽማግሌ ጠራ።

የስሎቬኒያውን ክፍያ ድንበር ሳትደርሱ ራሳችሁ በኢንተርኔት ፈጽሙ፤ የሳምንቱ ሃያ ዩሮ አይሞላም። የሰሌዳ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አረጋግጡ። የኦስትሪያውን ተለጣፊም ቀኑ እንዳላለፈ እዩ። አከራዩ በአፉ ቃል የገባላችሁን ነገር ሁሉ ውሉ ላይ አስጽፉት፤ አልጽፍም ካለ መልሱን አገኛችሁ። የእኔ መያዣ ገንዘብ አሁንም እንደታገደ ነው።